ወፍጮው የሚቆምበት አፈር

አዲስ በተለሰነ የሲሚንቶ ወለል ላይ ስትራመዱ ተረከዛችሁ አንዱ ቦታ ላይ “ድም” ብሎ፣ ሌላው ቦታ ላይ እንደ ባዶ በርሜል “ቡም” ብሎባችሁ ያውቃል? ሐይቅ ከተማ በተከራየሁት ክፍል ከአልጋዬ እስከ በሩ አምስት እርምጃ ነው። ሦስቱ “ድም” ይላሉ፤ ሁለቱ “ቡም” ይላሉ። “ቡም” የሚለው ቦታ ሥሩ ባዶ ነው። ቤቱ ሲሠራ የተሞላው አፈር በደንብ አልተጠቀጠቀም፤ ከጊዜ በኋላ አፈሩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ወረደ፤ ሲሚንቶው ብቻውን አየር ላይ ቀረ። አሁን መሰንጠቅ ጀምሯል። አከራዬ “ቤቱ አርጅቶ ነው” ይሉኛል። ቤቱ ግን እኔ ከተመረቅሁ በኋላ የተሠራ ነው።

ሐይቅ ባለ አንድ የሙያ ኮሌጅ የግንባታ ሥራ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። እህቶቼ “እሷን እንዴት አደርሽ ካልሻት ከእንቅልፍ ጥቅም ጀምራ ታስረዳሻለች” እያሉ ይስቁብኛል፤ አይዋሹም። ደብተሬ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ ቀዩ ለጥያቄ፣ ሰማያዊው ለማብራሪያ፣ አረንጓዴው ለምሳሌ። ከትምህርቶቼ ሁሉ አብልጬ የምወደው የአፈሩን ነው። ምክንያቱም ሰው ሁሉ አፈርን የሚያውቀው ይመስለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እፍኝ አፈር ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ ፍሬው፣ ውሃውና አየሩ። በቆሎ በጆንያ ስንሞላ ጆንያውን አንሥተን መሬት ላይ ዱብ ዱብ እናደርገው የለም? ፍሬው ይጠጋጋል፤ አየሩ ይወጣል፤ ሌላ ሁለት ጣሳ ይጨመርበታል። አፈር መጠቅጠቅም ያው ነው፤ ዛሬ አየሩን እኛ ካላስወጣነው፣ ነገ ቤቱ ራሱ እየሰመጠ ያስወጣዋል። ውሃው ደግሞ የፍሬዎቹ ማንሸራተቻ ነው። ለዚህ በአረንጓዴ የተጻፈ ምሳሌ አለኝ፤ በሶ። ውሃ ሲያንሰው ይበተናል። ሲበዛበት የሚጠጣ ይሆናል። ልኩን ሲያገኝ ግን ጭብጦ ይሆንና በኪስ ይዘውት ቢሄዱ እንኳ አይፈርስም። አፈርም ጭብጦ የሚሆንበት ልክ አለው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለሚሠሩ የአካባቢው ሰዎች አጭር ሥልጠና እንሰጣለን። ባለፈው ኅዳር ከነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ፣ ከኋላ ወንበር ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ስልኳን ወደ እኔ ቀስራ ድምፄን ትቀዳ ነበር። ተናግሬ ሳልጨርስ እጇን አወጣች።

“ቲቸር፣ ይሸከማል?”

“ምኑ ምኑን?”

“የጠቀጠቅነው አፈር፣ ወፍጮ።”

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ከትምህርቱ በኋላ ጠብቃኝ ጉዳይዋን ነገረችኝ። ከውጫሌ አለፍ ብሎ ካለ የአምባሰል ቀበሌ ናት። ዐረብ አገር በሰው ወጥ ቤት ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰችው አንድ ነገር ወስና ነው፤ እናቷና ጎረቤቶቿ እህል በአህያ ጭነው ውጫሌ ድረስ መሄድ እንዲቀርላቸው ሠፈሯ ላይ ወፍጮ መትከል። ከእነሱ ማዶ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ተክሎ ነበር። ክረምት ሲገባ ወለሉ ባንድ ጎኑ ሰመጠ፤ ወፍጮው ዘመም አለ፤ ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ እየዘለለ ይወጣ ጀመር፤ ዱቄቱ ክክ ሆነ፤ በመጨረሻ ተዘጋ።

“አሁን ዶሮ ይፈለፈልበታል፤ ወላሂ!” አለችኝ። “ወፍጮዬ አንድ ናት፤ ጉልበቴም አንድ ናት። ከሰመጠችብኝ ሌላ ወፍጮ ለመግዛት ተመልሼ ዐረብ አገር አልሄድም። ምን ላድርግ?”

ግድግዳው እስከ ወገብ ተገንብቶ፣ ውስጡ ግንበኞች ሰሌክት በሚሉት ከገደሉ በተቆፈረ ቀይ አፈር ተሞልቷል። የወፍጮውን መቀመጫ ብሎኖች የሚተክለው መካኒክ ከደሴ ሐሙስ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አፋር ስለሚሄድ እስከ ጥር አይገኝም። እሑድ ደቦ ተጠርቷል። እኔም እሑድ እንደምመጣ ቃል ገባሁ።

ስሕተቴ የተሠራው ያኔውኑ ነበር፤ ግን አላወቅሁም። በትምህርቱ መካከል “አፈር ያለ ውሃ አይጠነክርም! ደረቅ አፈር ቀኑን ሙሉ ብትደበድቡት የሚሰጣችሁ አቧራ ነው” ብዬ ነበር። ቀጥዬ የውሃውን ልክ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሥዬ ረዘም ላለ ጊዜ አስረዳሁ። እሷ ማታውኑ ድምፄን ለሠፈሩ ሰው ሁሉ በስልክ ላከችው። የላከችው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። “ረጅሙን ማን ይሰማዋል ብዬ ነው፣ አፉ በይኝ” አለችኝ በኋላ።

እሑድ ጠዋት ከሐይቅ በሚኒባስ ውጫሌ፣ ከውጫሌ በባጃጅ ጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅበት፣ ከዚያ በእግር። አቀበቱን ስወጣ ቢጫ ጀሪካን የተጫኑ አህዮች ቁልቁል ሲወርዱ አገኘሁ። ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው። ሠርግ ያለ መስሎኝ አንዷን ሴት ጠየቅኋት።

“ኧረ የለም፤ ለወፍጮዋ ውሃ አድርሰን መመለሳችን ነው” አለችኝ። “አንዲት ኢንጂነር ያለ ውሃ አይጠነክርም ብላለች አሉ።”

አቀበቱን በሩጫ ያዝኩት።

ደረስኩ። ደቦው ደምቋል። ወደ ሥራው የመጣ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ውሃ ይዟል። ምንጩ ሩቅ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ የተሸከሙትን ማን “በቃ፣ መልሱት” ይላቸዋል? የባለወፍጮዋ እናት በሩ ላይ ቆመው “ውሃ ሰደቃ ነው፤ አልሐምዱሊላህ! ግቡ፣ ግቡ” እያሉ ይቀበላሉ። ጎንበስ ያሉ አንዲት እናት በቅል ያመጧትን ውሃ “ቢስሚላህ፣ የልጄን ወፍጮ ያጽናው” ብለው አፈሰሱ። ከኋላቸው የቆሙት ክርስቲያን ጎረቤታቸው “በስመ አብ” ብለው የጀሪካናቸውን ደገሙ። ዓይኔ እያየ አፈሩ በእስልምናውም በክርስትናውም ተባርኮ ረግረግ ሆነ።

አራት ወንዶች እጀታ የተበጀለት ግንድ እያነሡ ይጥላሉ። ግንዱ ሲወድቅ “ድም” ማለት ነበረበት፤ “ጯ!” ይላል። የወደቀበት ቦታ ይሰምጥና አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ አፈሩ ያብጣል። እዚያ የቆመው ሰውዬ “ኧረ ጎበዝ፣ መሬቱ እያነሣኝ ነው!” ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ግንበኛው ማንኪያውን እንደያዘ ከግድግዳው ላይ ተቀበለኝ።

“ቲቸር! እንኳን ደህና መጣሽ። እንደ ትእዛዝሽ አጠጥተነዋል። አሁን ሩዝ እንዝራበት ወይስ ዓሣ ከሐይቅ ይዘሽልን መጥተሻል?”

የሆነውን እኔ ዐወቅሁት። አየር ሲጨመቅ እሺ ይላል፤ ይወጣል። ውሃ ግን በቀላሉ አይጨመቅም። ፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ውሃ ከያዘው፣ ግንዱ ሲመታው መሄጃ የለውምና አፈሩን ይዞ ወደ ጎን ይሸሻል። እዚህ ስትጫኑት እዚያ ይነሣል፤ ልክ እንደ እርሾ ሊጥ። እስከ ማክሰኞ ቢደበድቡት አይጠነክርም።

“ችግር የለም” አለ ግንበኛው፣ ባለወፍጮዋ ወደ እኔ ስትመጣ አይቶ። “ከላይ ጠጠር ነስንሼ ሲሚንቶ እጥልበታለሁ። ማን ያየዋል?”

እሷ ጎተት አድርጋ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። “ቲቸር፣ አትፍሪ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ሲሚንቶው አይሸከመውም? መካኒኩ ሐሙስ ነው የሚመጣው። ሐሙስ ካለፈኝ እስከ ጥር ነው።”

እንደምትፈልገው “ይሸከመዋል” ማለት ቀላል ነበር። ሕዝቡ ደክሟል፤ ምሳ ደርሷል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

“መጀመሪያ ይሸከመዋል” አልኳት። “አፈሩ ሲደርቅ ግን ይኮማተርና ከሲሚንቶው ሥር ይወርዳል። ወፍጮሽ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሲሚንቶ አፈሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።”

“እና ዶሮ ይፈለፈልበታል?”

“ይፈለፈልበታል።”

ከንፈሯን ነክሳ ወደ ረግረጉ ዞረች። ከዚያ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ተናገርኩ፤ ልኩን ሳልነግራቸው ውሃ ያስመጣሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። ውሃ በቅል ያመጡት እናት “አብሽሪ ልጄ! ነውሩ ውሃ መጣል ነው እንጂ ማምጣት ነውር የለውም” አሉ። ግንበኛው እንኳ ሳቁን ቀነሰ።

የዚያን ጊዜ ነው፣ ከድንጋዩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩ የቆዩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የጠሩኝ። ሠፈሩ “አያ” ይላቸዋል። ማሳቸው ከወፍጮ ቤቱ በታች ባለው እርከን ላይ ነው።

“እስቲ ነይ ልጄ፤ አውድማዬን ልይልሽ… አይ፣ እይልኝ” አሉ፤ በራሳቸው ንግግር ሳቁ።

ተከትያቸው ወረድሁ። አውድማቸው ጤፍ ሊወቃበት የተዘጋጀ ክብ መሬት ነው። ረገጥኩት። በእጄ መታሁት። በቁልፌ ጫር ላደርገው ስል “ኧረ በእመቤቴ፣ አትጫሪብኝ!” ብለው ጮኹ። ኮሌጃችን ያለው የመማሪያ ክፍል ወለል እንዲህ አይጠነክርም።

“ይህን እንዴት ሠሩት አባባ?”

“እንዴት ይሠራል? ቆፈር ቆፈር አድርጌ ማታ አጠጣዋለሁ። ጠዋት ግን እንዳደረ በሬ አላስገባበትም። እጠብቀዋለሁ። ረፈድ ሲል ጫማዬን አውልቄ በተረከዜ እረግጠዋለሁ። ከተጣበቀብኝ ገና ነው። ረግጬ ሳነሣ ዳናው ካብለጨለጨም ገና ነው። አቧራ ካለው ደግሞ አምልጦኛል፤ ያን ቀን ድካሜ ከንቱ ነው፣ ደግሜ አጠጣለሁ። ዳናው ቁልጭ ብሎ ወጥቶ ግን ካላብለጨለጨ፣ ያኔ በሬዎቹን አስገባና ሳዞር እውላለሁ። በመጨረሻ በእበት እለቀልቀዋለሁ፤ እንዳይሰነጠቅ።”

“ማን አስተማረዎት?”

“በጤፍ ውስጥ የገባ አሸዋ” አሉ። “አውድማህ ከላላ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ስታኝክ ትኖራለህ። ጥርስ ጥሩ መምህር ነው።”

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ከአውድማው ራቅ ብዬ በእንጨት መሬት ላይ ያን በሰሌዳ የምሥለውን ሥዕል ሣልኩላቸው፤ ወደ ላይ ወጥቶ ጫፍ ደርሶ የሚወርድ መሥመር። ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር ውሃው ይጨምራል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አፈሩ ይጠነክራል። በግራ ያለው ዳገት አቧራ ነው፤ በቀኝ ያለው ቁልቁለት ጭቃ ነው፤ ጫፉ ልኩ ነው። “የእርስዎ ተረከዝ የሚያገኘው ይህን ጫፍ ነው” አልኳቸው።

ሥዕሉን ዱላቸውን ተደግፈው አዩት። “እና የናንተ ወፍጮ የት ደርሷል?”

በቀኝ በኩል ታች ወርጄ በጣቴ አሳየኋቸው።

“ኧ! ጫፉን አልፋችሁ ቁልቁለቱን ወርዳችሁታላ። ታዲያ ምን ያስጨንቃል፤ ቁልቁል የወረደ ሰው ተመልሶ ይወጣል። ከውስጥ አውጡና አስጡት።”

የሚሉት ትክክል ነበር። እኔም ማለት የነበረብኝ እሱን ነው፤ ግን ያን ሁሉ የተደከመበት አፈር መልሳችሁ አውጡ ለማለት አፍሬ ነበር። እሳቸው አላፈሩም። ወጥተው “በሉ እንግዲህ፣ ከምሳ በኋላ አፈር ልናሰጣ ነው” ሲሉ ደቦው አንዴ አጉረመረመና አካፋውን አነሣ።

እስከ ማምሻው አፈሩ ሁሉ ወጥቶ ከግቢው በታች ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ በሸራና በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጣ። ወንዶቹ በመንሽ ሲያገላብጡ ከጎረቤት የመጡ አንዲት ክርስቲያን ሴት “ብቅል መሰለኮ! ጠላ ልትጠምቁ ነው እንዴ?” አሉ። የባለወፍጮዋ እናት “አስተግፊሩላህ! በእኔ ደጅ!” ብለው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሰኞ ማስተማር ስለነበረብኝ ወደ ሐይቅ ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት ግን ለባለወፍጮዋ የእጁን ፈተና አሳየኋት። እፍኝ አፈር አንሥተሽ ጥብቅ አድርገሽ ጨብጪ። እጅሽን ስትከፍቺ ከተበተነ ደርቋል። ጭብጦ ከሆነ በደረትሽ ልክ ከፍ አድርገሽ ጠንካራ መሬት ላይ ልቀቂው። ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰበረ ደርሷል። ዱብ ብሎ ተጨፍልቆ ከቀረ፣ ወይም መዳፍሽን ካረጠበው፣ ገና ነው።

ሰኞ ከረፋዱ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ሒና በተቀባ መዳፍ ላይ የተቀመጠ የአፈር ጭብጦ ፎቶ። ሌላ ጭብጦ። መሬት ላይ የተሰበረ ጭብጦ፣ ከሥሩ “ይሄስ?” የሚል። የእናቷ እጅ የጨበጠው ጭብጦ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ “ገና”፣ “ገና”፣ “ወደ ልኩ እየመጣ ነው” እያልኩ ስመልስ አጠገቤ ያለው የሒሳብ መምህር “የምግብ ንግድ ጀመርሽ እንዴ?” አለኝ።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት የመጣው ፎቶ ጥርት ያለ ነበር፤ ጭብጦው ልክ ለሦስት ተሰብሯል። “ደርሷል! መመለስ ይቻላል!” ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ደወለች።

“አያ እምቢ አሉ። ገና ነው ይላሉ። ግንበኛው ደግሞ ኢንጂነሯ ካለች አለች ነው ይላል። ተጣሉብኝ።”

ከክፍለ ጊዜዬ በኋላ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ስደርስ ሽማግሌው ባዶ እግራቸውን አፈሩ ላይ ቆመዋል፤ ግንበኛው “የአያ ተረከዝ ግሸን ስንት ጊዜ የወጣ ነው፤ ድንጋይና ጭቃ አይለይም!” እያለ ይተርባቸዋል። እፍኝ አነሣሁ፤ ጨበጥኩ፤ ለቀቅኩ፤ ለሦስት ተሰበረ። የእጄ ፈተና አለፈ።

“ይኸው!” አለ ግንበኛው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የቡጢ ያህል ጓል አነሡና በዱላቸው ጫፍ ለሁለት ከፈሉት። ውጩ ፈካ ያለ ቀይ ነው፤ ውስጡ ጠቆር ብሎ ያብለጨልጫል። እኔ የጨበጥኩት በጓሎቹ መካከል ያለውን ልቅ አፈር ነበር። የእሳቸው ተረከዝ ደግሞ የረገጠው ጓሎቹን ነው። ከጓሎቹ ጋር ብንመልሰው የግማሹ ሆድ ጭቃ ሆኖ ይቀር ነበር።

ደብተሬን አውጥቼ “ጓል ሳይሰበር አይለካም” ብዬ በሦስቱም ቀለም ጻፍኩት። የቀረውን ቀን ጓል ስንሰብር ዋልን።

ረቡዕ ከኮሌጁ ፈቃድ ጠይቄ የመለኪያ ዕቃዎቼን በካርቶን ይዤ በማለዳ ደረስኩ። አፈሩ በሽማግሌውም ተረከዝ በእኔም እጅ አልፏል። አንድ ስንዝር ውፍረት እየተነጠፈ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይዘለል እየተጠቀጠቀ፣ ከዚያ ሌላ ስንዝር። ግንበኛው “አንዴ ሞልተን አንዴ ብንደበድበውስ?” ብሎ ነበር። የግንዱ ምት ከላይ ያለውን እንጂ ሥር ያለውን አይደርሰውም፤ ከላይ ብረት ከታች ዱቄት ይሆናል አልኩት። እያንዳንዱ ስንዝር ሲጠቀጠቅ ሁለት ሦስት ጣት ይወርድ ነበር። የወጣው አየር ነው። ድምፁም ይለወጥ ነበር፤ መጀመሪያ “ቡፍ”፣ ቀጥሎ “ድም”፣ በመጨረሻ ግንዱ ራሱ ነጥሮ ይነሣል። ወንዶቹ በድምፁ ይወራረዱ ጀመር፤ የማን ጥግ ቀድሞ “ይዘፍናል” እያሉ።

ከቀትር በኋላ ሲያልቅ ሁሉም ደስ ብሎት ሲቀመጥ እኔ መዶሻና መሮ ይዤ ወለሉ መካከል ላይ ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ።

“ምነው ቲቸር! ጤና የለሽም?” ግንበኛው ብድግ አለ። “ሦስት ቀን ደክመን ልታበላሺው ነው?”

ጉድጓዷ የጀበና ያህል ናት፤ የወጣውን አፈር አንዲት ፍርፋሪ ሳትቀር በሚዛን መዘንኩ። ከዚያ አንገቱ ላይ ማንቆርቆሪያ የተገጠመለትን ጠርሙስ ገልብጬ ጉድጓዷን በደረቅ አሸዋ ሞላኋት። አሸዋው ስንት ክብደት ስንት ቦታ እንደሚይዝ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ የገባውን መዝኜ የጉድጓዷን መጠን አገኛለሁ። የአፈሩን ክብደት በጉድጓዷ መጠን ሳካፍል ምን ያህል እንደተጠጋጋ ይነግረኛል። የቀረኝ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ነበር። እሱን ለማወቅ አፈሩን ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እና የባለወፍጮዋን እናት መጥበሻ ለመንኳቸው።

“ለምንሽ ነው?”

“አፈር ልጠብስበት።”

“ማሻአላህ!” አሉ መጥበሻውን እያቀበሉኝ። “ልጄ ዐረብ አገር ሄዳ ብዙ ነገር ነግራኛለች። አፈር የሚጠበስበት አገር ግን አልነገረችኝም።”

መካከሉ በጣም ጥሩ ሆኖ ወጣ። ወፍጮው ራሱ የሚቆምበት ቦታም እንዲሁ። ሽማግሌው “እኔ ያልኩትን በሚዛን ነገረችን” ብለው ዱላቸውን አወዛወዙ። ለማረጋገጥ በግድግዳው ሥር ያለውን ጥግ ቆፈርኩ፤ የሞተሩ እግር የሚያርፈው እዚያ ነበር። እሱ ግን አላለፈም። ግንዱ ሰፊ ስለሆነ ግድግዳው እየከለከለው ጥጉን በደንብ አልመታውም፤ የሽማግሌው ተረከዝም እዚያ አልደረሰም፤ የማንም ዓይን አላየውም። የወደቀው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ነው።

ባለወፍጮዋ ፊቴን አይታ ተረዳች። “ማዶ ያለው ወፍጮ በየት በኩል ነበር የሰመጠው?” ብላ ግንበኛውን ጠየቀችው።

ግንበኛው “በግድግዳው በኩል” አለ። ከዚያ ሳይታዘዝ ጃኬቱን አውልቆ ጥጉን ራሱ ቆፍሮ አወጣ፤ ቀጠን ያለ ግንድ ፈልጎ በትንሽ በትንሹ እየሞላ ራሱ ጠቀጠቀው። ሲጨርስ “በይ ቲቸር፣ ጉድጓድሽን ቆፍሪ” አለኝ። ቆፈርኩ። መጥበሻው እንደገና ተጣደ። አለፈ።

ሐሙስ መካኒኩ መጣ፤ ብሎኖቹ ተተከሉ፤ የሲሚንቶው መቀመጫ ተጣለ። ሲሚንቶ ደግሞ ከጠነከረ በኋላም ለቀናት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ይህን ስነግራት ባለወፍጮዋ ስልኳን አወጣችና ወደ አፌ ቀሰረችው። “አሁን ግን ቲቸር፣ ባጭሩ፣ ልኩንም ጨምረሽ።” እኔም ተናገርኩ፤ “ጆንያ አልብሳችሁ ጠዋትና ማታ አርጥቡት፤ ለአንድ ሳምንት።” በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ሠፈሩ ጀሪካኑን ይዞ በተራ መጣ።

ወፍጮው በብሎኖቹ ላይ ታስሮ የተነሣው በታኅሣሥ ነው። የመጀመሪያው እህል የእናቷ ማሽላ ነበር። ሰው ሁሉ የዱቄቱን መውረጃ ከቦ ሲያይ፣ እሷ ከሞተሩ ጎን ጥጉ ላይ ቁጢጥ ብላ ቺንጋውን ታይ ነበር፤ አንዱ መዳፏ ወለሉ ላይ ነው። ቺንጋው መንገዱን ይዞ ዞረ። አልዘለለም። እናቷ ዱቄቱን በጣቶቻቸው መካከል አሽተው “ደቋል! ልጄ፣ ደቋል!” ሲሉ እሷ ገና አልተነሣችም ነበር። ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ነው ፊቷን በሻርፗ የሸፈነችው።

ክረምቱ አልፎ በመስከረም ሄጄ አየሁት። እኔ ዝንባሌ የሚለካውን ውሃ ልክ በቦርሳዬ ይዤ ሄጃለሁ፤ በድብቅ ብለካው ይሻላል ብዬ። ግንበኛው ግን ቀድሞኛል፤ የራሱን ውሃ ልክ ወፍጮው መቀመጫ ላይ አስቀምጦ እንድመጣ እየጠበቀ ነበር። አረፋዋ መካከል ላይ ቆማለች፤ ወፍጮው አልዘመመም። “በየሳምንቱ ነው የሚያየው፤ ሥራ አስፈታኝ” አለች ባለወፍጮዋ። ከደጅ ሦስት አህዮች ጭነታቸውን አራግፈው ቆመዋል፤ አንደኛዋ ከማዶ የመጣች ናት።

እናንተም ቤት ስትሠሩ፣ ወይም ጎረቤታችሁ ሲሠራ፣ ሲሚንቶው ሳይጣል በፊት ከተሞላው አፈር አንድ እፍኝ አንሡ። ጓሉን መጀመሪያ ስበሩት። ከዚያ ጥብቅ አድርጋችሁ ጨብጡና ከደረታችሁ ከፍታ ልቀቁት። ከመካከሉ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው ሥር፣ ሰው ከማያየው ጥግም አንሡ፤ ያ ጥግ በቀጠነ ግንድ መጠቅጠቁንም አስተውሉ። እስቲ ዛሬውኑ ከደጃችሁ አፈር ጀምሩና ሞክሩት።